ሐይቁን ማን አደረቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህችን ጽሑፍ የምታነቧት ምናልባት ከቅዳሴ ወጥታችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ጥላ ፈልጋችሁ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ዐቢይ ጾም በሀገራችን የሚውለው ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው። በሰሜኑ ዓለም ሙቀቱ የሚከፋው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዝናም ነው። የእኛ ሐሩር ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ምንጩ የሚሳሳው፣ ሣሩ ደርቆ የሚንኮሻኮሸው፣ ተራራ ላይ እሳት የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ከሞላ ጎደል እዚሁ ውስጥ ይወድቃሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ታዲያ ከራቡ ይልቅ ጥማቱ እንደሚብስበት ራሱ ያውቀዋል።

(እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በዕድሜ የገፋችሁ፣ በፀሐይ የጉልበት ሥራ የምትውሉ፣ በዚህ ሙቀት ውኃ መጠጣትን እንደ ሽንፈት አትቁጠሩት። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲድን እንጂ ራሱን ስቶ እንዲወድቅ አላዘዘችም።)

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ። ጾመኛ ሲጠማ ጥማቱ ሰዓት አለው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውኃው እንስራው ውስጥ ወይም ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሰዓት የሌለው ጥማት ግን ሌላ ነው። ጀሪካኗን ይዛ ሦስት ሰፈር የዞረች እናት፣ ወይም ወንዙ ሲደርቅበት ከብቶቹን ነድቶ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው አርብቶ አደር፣ መቼ እንደሚጠጣ የሚነግረው ደወል የለም። ሁለቱን ጥማት በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ አንዳንዴ ይገርመኛል። ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሣል። ያ ሰዓት የሌለው ጥማት በማን ኃጢአት የመጣ ነው? በተለይ ደግሞ፣ ጥቂት ጥቂት አድርገን ሁላችንም የሠራነው ከሆነ፣ ንስሐ የሚገባው ማነው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አይደለም ወደ እኔ የመጣው። ከጎረቤት ነው።

የምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው። የከተማው ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ በኩል ደግሞ ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች እየተሳበ ይመጣል፤ ለሁሉም እኩል ስለማይዳረስ በተራ ይለቀቃል። ለእኛ በሳምንት አንድ ሌሊት ነበር። እሱም ሲመጣ ቀጭን ነው። ሮቶ አስተክያለሁ፤ ግን ሮቶው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ውኃው አይደርስለትም። አንድ ወዳጄ፣ “ምን አስቸገረህ፤ ዲናሞ ግዛና ከመስመሩ ጋር አጋጥመው፤ በሁለት ሰዓት ይሞላልሃል” አለኝ። ገዛሁ። እውነትም በሁለት ሰዓት ሞላ። ሌሊት ተነሥቼ ማብሪያውን ስጫን የሚሰማኝ ድምፅ ደስ ያሰኘኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ዓመቱ አለፈ፣ ሌላ ጾም መጣ። የመፃጉዕ ዕለት ቀድሼ ስመለስ፣ ከእኛ አጥር ቀጥለው የሚኖሩ እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ብቻቸውን ናቸው። “ልጄ፣ ማታ ውኃ መጥቶላችኋል እንዴ?” አሉኝ። “እኔ ዘንድ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቅ ቧንቧው ሲያፏጭ ነው ያደረው። ነፋስ ብቻ።”

“ትንሽ ትንሽ ብላለች እማማ” አልኳቸው።

ሮቶዬ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ቁርባን ለመቀበል እየተዘጋጀሁ ነበር። ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። እሳቸውም፣ “እግዚአብሔር ይጨምርላችሁ” ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ኋላ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነገሩን ሲያስረዳኝ ይበልጥ አፈርኩ። ዲናሞ በቀጥታ ከመስመር ጋር ሲያያዝ ውኃን አይጨምርም፤ ከጎረቤት መስመር ይመጠዋል እንጂ። የእኔ ሮቶ በፍጥነት የሚሞላው የሌላው ቧንቧ ስለሚያፏጭ ነው። ይባስ ብሎ፣ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ ዲናሞው ሲስብ ከአፈሩ ውስጥ ያለውን ፍሳሽ ጭምር ወደ ውስጥ ያስገባል። ለሰፈሩ ሁሉ ማለት ነው። ለእኔም።

አሁን የዚያን ዕለት የተነበበውን ወንጌል አስቡት። ዮሐንስ ምዕራፍ አምስት ነው። አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ፣ በዙሪያዋ የተኙ ብዙ ድውያን፣ ውኃው ሲናወጥ አስቀድሞ የገባ ይድናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰውዬ ጌታ ሲጠይቀው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ፤ ሊወርድ ሲል ሌላው ይቀድመዋል።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው የማስበው ስለ በሽተኛው ነበር። ስለ ቀደሙት ሰዎች አስቤ አላውቅም። እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ክፉዎች አልነበሩም እኮ! እነሱም በሽተኞች ናቸው። ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው። ወረፋ የሚያስጠብቅ ሕግ ስለመኖሩ ወንጌሉ አይነግረንም፤ ማንም መፃጉዕን ገፍትሮ ጣለው አይልም። እያንዳንዱ የራሱን መዳን ፈልጎ ገባ፤ ይህ ደግሞ መብቱ ነው። ታዲያ ከመካከላቸው አንድም ጥፋተኛ ሳይኖር፣ ወይም ያለ ሳይመስል፣ አንድ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከውኃው ዳር ተኝቶ ቀረ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ክፉ ሰው ሳይኖር የተሠራ ክፋት።

እንዲህ ያለው ነገር በሰፈር ብቻ አይቀርም፤ ሐይቅ ያክላል። ከሐረር ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የነበረውን የሐሮማያ ሐይቅ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጀልባ የሚንሳፈፍበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ ነበር። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው፤ ሐሮማያና አወዳይም እንዲሁ። በሀገራችን ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሆነው የእርሻ ኮሌጅ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከአጠገቡ ነው ያለው። እንግዲህ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የሚያጠኑ ሊቃውንት በመስኮታቸው እያዩት፣ ሐይቁ ዓመት በዓመት እየጎደለ ሄዶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም ደረቀ። ደረቀ ማለት ቃል በቃል ነው። ከብት ገብቶበት ጋጠ።

ማን አደረቀው? ገበሬው በዳርቻው ላለው የጫትና የአትክልት ማሳ በፓምፕ ቀዳ፤ ልጆቹን ሊያስተምር ነው። ከተማው ለነዋሪው ቀዳ፤ የሚጠጣ ሕዝብ አለው። ከላይ ያለው ኮረብታ ዛፉ ተመንጥሮ ታረሰ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ተኛ፤ አራሹም የሚበላው ስላጣ ነው ዳገት ያረሰው። ፀሐዩም የድርሻውን ወሰደ። ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ፣ “አንተ ነህ ሐይቁን የገደልከው” ብትሉት፣ “እኔ? በአንዲት ፓምፕ?” ይላችኋል። እውነቱን ነው። በአንዲት ፓምፕ ሐይቅ አይደርቅም። ሐይቁ ግን ደረቀ። ከዚያ በኋላ የሐረር ሰው በጀሪካን የሚሸጥ ውኃ ሲጠብቅ ስንት ዘመን ተንገላታ! ኋላም ከድሬዳዋ በኩል ከቆላው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ ሽቅብ ወደ ደጋው መገፋት ነበረበት። ጎረቤት የነበረውን ውኃ አጥፍተን ሩቅ ካለው በብዙ ገንዘብ ለመንን።

በነገራችን ላይ ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውኃ ይዟል። ዝናሙ ጥሩ ስለሆነ፣ በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይም እርከን ስለተሠራ ነው ይባላል። እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ውኃ አለ። ወፎቹም ተመልሰዋል። ይህን የምነግራችሁ ለመጽናኛ ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ያደረቀውን፣ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ድንጋይ እየካበ ሊመልሰው ይችል እንደሆነ እንድታስቡበት ነው።

ስለ ድርቅና ስለ ሙቀት ሲወራ ከሰዎች አፍ የምሰማቸው መልሶች አሉ። አንደኛው፣ “የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ምሕላ እንያዝ” የሚለው ነው። ምሕላው መልካም ነው፤ አባቶቻችን ዝናም ሲጠፋ ታቦት አውጥተው አልቅሰዋል፤ እኛም እናልቅስ። ነገር ግን ቁጣው የወደቀበትን ሰው ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኛ አድርገን እንዳናየው እንጠንቀቅ። ጌታ በሰሊሆም ግንቡ ስለተጫናቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር ይህንኑ ነው የከለከለው። ቅዱስ ኤልያስን ተመልከቱ። ዝናም እንዳይዘንም ያወጀው እሱ ነው፤ ሆኖም የሚጠጣባት የኮራት ፈፋ በዚያው ድርቅ ደረቀችበት። ነቢዩም ተጠማ፤ ከመበለቲቱ ዘንድ ሄዶ መጀመሪያ የለመነው ውኃ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናሙ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር፣ ከብቶቻቸው እፊታቸው ያለቁባቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ ሰው በምን ይበልጥ በደሉ? እንዲያውም እኛ ብንማርባቸው ይሻለናል። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ውኃ የሚቀዳው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር ሰው አለ፤ ብርቱው ከብቱ ስለበዛ ብቻ ደካማውን አይቀድምም። ፓምፕ የሌላቸው ሰዎች የሠሩትን ሥርዓት እኛ ፓምፕ ያለን አፍርሰነዋል።

ሁለተኛው መልስ፣ “ዓለምን ያሞቁት ባለጠጎቹ አገሮች ናቸው፤ እኛ ምን አደረግን?” የሚለው ነው። ይህም ትልቅ እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ ከባቢ አየሩን በጭስ የሞሉት ፋብሪካዎችና መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው የእኛ አይደሉም። የእነሱን ዕዳ እነሱ ይጠየቁበት፤ መጠየቅም አለባቸው። ግን የሐሮማያን ሐይቅ የመጠጠው የአውሮፓ ፓምፕ አልነበረም። የእኔን ጎረቤት ቧንቧ የሚያስፏጨው ዲናሞ በእኔ ግቢ ነው ያለው። የሌላው ኃጢአት ትልቅነት የእኔን ትንሽ አያደርገውም፤ በትልቁ ጥላ ሥር ይደብቀዋል እንጂ።

እሳቱስ? በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ጫካዎች የተነሣው እሳት ከየካቲት ጀምሮ ለሳምንታት ሲነድ፣ ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን በላ። ዐቢይ ጾም ነበር ያን ጊዜም። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ቅጠል ቆርጦ እየመታ ተዋጋው፤ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ባለሙያዎች መጡ፤ በመጨረሻም ዝናም ደረሰለት። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ማብቂያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተያያዘ። ጭላዳና ዋልያ ከሚኖሩበት ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው በእግሩ ወጥቶ እሳቱን ማጥፋት አልሆነለትም፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ያም ጾም ላይ ነበር። እንዲህ ያለ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማር ለመቁረጥ ንብ ከሚያጨስ ሰው፣ ወይም ለእርሻና ለግጦሽ ቁጥቋጦ ከሚያቃጥል ሰው እጅ ነው። ሚሊዮን ዛፍ ላቃጥል ብሎ ክብሪት የጫረ የለም። ለዘመናት እንዲህ ሲደረግ ኖሯል፤ ሣሩ እርጥብ ሳለ እሳቱ እዚያው ይጠፋ ነበር። በደረቀ ዘመን ግን የአባት ልማድ የሀገር ቃጠሎ ይሆናል። ሙቀቱ ሲጨምር ትንሽ ጥፋት ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ነገሩ ይኼው ነው።

አሁን ቀና ብላችሁ የተቀመጣችሁበትን ዛፍ እዩልኝ። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ያየ ሰው፣ ቡኒ በሆነው እርሻ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል ይባላል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ‹እመጓ› መጽሐፉ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷቸዋል፤ ከአሜሪካዊቷ ዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም ካህናቱንና ምእመናኑን እያማከረ ከብት እንዳይገባባቸው የድንጋይ አጥር እንዲካብላቸው ደክሟል። ቀድሞ አገሩን የሸፈነው ደን የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የተረፈውም ሰዉ የቅዱሳኑን ዛፍ መንካት ስለሚፈራ ነው።

ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አባቶችንም ጠይቄ የተለያየ መልስ ነው ያገኘሁት። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ዛፍ መቁረጥ ድፍረት ከሆነ፣ ከአጥሩ ውጪ ሁለት እርምጃ ርቆ ያለውን መቁረጥ ምንም ያልሆነው ለምንድን ነው? የውስጡን የእግዚአብሔር ነው እንላለን። የውጪው የማን ነው? “የማንም አይደለም” ያልነውን ሁሉ ጨርሰነዋል። ወንዙ፣ ተራራው፣ የመንገድ ዳሩ፣ ከመሬት በታች ያለው ውኃ። “የእኔ ነው” ያልነውን ደግሞ ለራሳችን አጠርን። “የእግዚአብሔር ነው” ያልነው ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ጾም እዚህ ላይ ምን ያደርግልናል? ብዙ ጊዜ ስለ ጾም ስንሰበክ፣ ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከክፉ ሥራም እንጹም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ክፉ ሥራ ሁልጊዜም የተከለከለ ነው፤ ጾም ሆነ ፍስክ። የጾም ልዩ ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። ጾም ማለት የተፈቀደውን መተው ነው። ሥጋው ኃጢአት አይደለም፤ ወተቱ ኃጢአት አይደለም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚጠጣ ውኃ ከቶ በራሱ ርኩስ አይደለም። የእኔ ነው፣ ገንዘቤ ነው፣ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልነካውም። ይህን ነው በየዓመቱ ሃምሳ አምስት ቀን የምንለማመደው።

ሐይቅ የሚያድነው ደግሞ ይኸው ልምምድ ነው። ሐይቁን ያደረቁት ሌቦች አልነበሩም። ሌባ ቢሆን ይያዝ ነበር። ያደረቁት እያንዳንዳቸው የሚገባቸውን የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ውኃው ሲናወጥ የቀደሙትም የሚገባቸውን ነው የወሰዱት። መብቱ የሆነውን ነገር ስለ ሌላው ሲል የሚተው ሰው እስካልተገኘ ድረስ፣ ሕግ ቢደነገግ፣ ግድብ ቢገደብ፣ መፃጉዕ ከዳር ተኝቶ መቅረቱ አይቀርም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከጾመኛ የተሻለ የሠለጠነ ሰው ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሥልጠናውን ድስት ላይ ብቻ አዋልነው። ቅቤ ያልነካ እጅ፣ ሌሊት ተነሥቶ የዲናሞ ማብሪያ ይነካል።

ንጉሥ ዳዊት በጦር ሜዳ ሳለ ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ አማረው። የልጅነቱ ውኃ ነው። ጠላት በመካከል ሰፍሮ ሳለ ሦስት ኃያላን ሰንጥቀው ሄደው ቀዱለት። አመጡለት። እሱ ግን አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ውኃው በነፍሳቸው የመጣ ስለሆነ ደማቸውን እንደ መጠጣት ቆጠረው። ሳነበው ድሮ፣ “እንዴ፣ ያን ሁሉ ደክመው ላመጡት ሰዎች ስድብ አይሆንም?” እል ነበር። ዛሬ ሌላ ነገር ይታየኛል። ዳዊት ከመጠጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ይህ ውኃ እኔ ጋ እንዲደርስ ማን ምን ከፈለ? እኔ ያን ጥያቄ ሮቶዬ ሲሞላ አልጠየቅኩም። የከፈሉት እማማ መሆናቸውን ያወቅኩት በር ላይ ሳገኛቸው ነው።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተናገርኩት ውሸቱን ነበር፤ እሱ ይቀላል። ከዚያ ዲናሞውን ነገርኳቸው። “ይሄ ደግሞ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም አባ፤ ሁሉም ሰው ነው የሚያደርገው” አልኳቸው።

“ስንት ቤት?” አሉኝ።

“የእኛ መስመር ላይ? ግማሹ ይሆናል።”

ዝም አሉ። ከዚያ፣ “እኔ ጋ የመጣኸው ግን አንተ ብቻ ነህ” አሉኝ። ቀኖና የሰጡኝ ስግደት አልነበረም። “ዘጠኝ ሰዓት ከመድረሱ በፊት፣ አንተ ከመጠጣትህ በፊት፣ ለእኒያ እናት አንድ ጀሪካን በገዛ ትከሻህ አድርስ። ጾሙ እስኪፈታ። ዲናሞውን ደግሞ አንተው ታውቃለህ” አሉኝ።

ያቺ “አንተው ታውቃለህ” የምትለዋ ከስግደቱ ትከብዳለች። ብዙ ተሟገትኩ። እኔ ብነቅለው ውኃው ለእማማ ይደርሳል? አይደርስም፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ዲናሞ ነው የሚስበው። ታዲያ የእኔ መተው ለማን ይጠቅማል? እናንተም ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስም የለኝም። ለራሴ የሰጠሁት መልስ ይኼ ነው፦ ስጾም ሉካንዳ ቤቱ አይዘጋም፤ ሌላው በላ ብዬ ግን አልበላም። ጾሜ ሌላው እስኪጾም አይጠብቅም። ይኼኛውም ለምን ይጠብቃል?

በሆሣዕና ዋዜማ ነቀልኩት። ጀሪካኑን ሳደርስ እማማ መጀመሪያ አልቀበልም ብለው አስቸገሩኝ፤ “ለራሳችሁ የላችሁ” እያሉ። ያኔ ነው እውነቱን የነገርኳቸው፤ ስለ ዲናሞውም ስለ ውሸቱም። ትንሽ ዝም ብለው፣ “ድምፁን እሰማው ነበር እኮ ልጄ” አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቡና አፈሉልኝ፤ በዚያው በአመጣሁት ውኃ።

ከፋሲካ በኋላ በዕድር ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሣሁት። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ተቆጣ፤ “አንተ ጻድቅ ስለሆንክ እኛ እንጠማ?” አለኝ። ከመስመራችን አራት ቤት ዲናሞ ለመንቀል ተስማማን፤ ሌሎቹ አልተስማሙም። ውኃ ሲመጣ ለአራታችን የሚደርሰው ያው ቀጭኑ ነው። እየተነቃቃን፣ “መጣ፣ መጣ” እየተባባልን በባልዲ እንቀዳለን፤ ለእማማም አንዳችን እንቀዳላቸዋለን። ዲናሞው ዕቃ ቤት ነው ያለው። አልሸጥኩትም። ባለፈው ሚያዝያ ውኃው ዐሥራ አንድ ቀን ሲጠፋ ሌሊት ተነሥቼ ሄጄ አየሁት፤ አቧራውንም በእጄ ጠረግኩለት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ተመልሼ ተኛሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።